ኦዜም ከውሃው አልወጣም አለ

ኦዜም ግትር ነው ብሎ የነገራችሁ ሰው ካለ አዝኖለት ነው። ግትርማ በቅሎ ናት። ኦዜም የመጀመሪያው አውሎ ነፋስ ጣራውን ሲወስድበት ሌላ ጣራ መታ። ሁለተኛው ሲመጣበት ቤቱን ረጃጅም እንጨት ላይ ሰቀለና ከላይ ሆኖ ባሕሩን ሲሰድብ ከረመ። ሦስተኛው ደረጃውን ብቻ ይዞበት ሲሄድ፣ ይኸው ፈርቶኝ ደረጃ መስረቅ ጀመረ ብሎ ሳቀበት።

ቦታው ሉዊዚያና ጫፍ ላይ ነው፤ መሬት አልቆ ሣርና ውሃ የሚጨቃጨቁበት። ጭቅጭቁን ውሃው እያሸነፈ ነው። ረግረጉን ከዳር ከዳር ሲልሰው፣ መንገዱንም ደቡብ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሲውጠው ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ላይ አገር ወጡ። ቄሱም ወጡ። ኦዜም በረንዳው ላይ ሆኖ እያንዳንዱን በእጁ ሸኘና፣ ጎረቤት ሲያንስ ዓሣ ይበዛል ብሎ ቁጭ አለ።

ችግሩ ዓይኑ ነው። ሞራው ሁለቱንም ጋርዶታል፤ ብርሃንና ጥላ ይለያል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን በግምት ነው የሚኖረው። ባለፈው ወር ከአዲሱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሽሪምፕ የምትባለውን ትንሽ የባሕር እንስሳ የሚያጠምድ ሰው ድንገት በዚያ ሲያልፍ እስኪያገኘው ድረስ ጭቃ ላይ ተዘርሮ ዋለ። ልጁ ኤርሊን ይህን ስትሰማ ባሏን ደርዊንን ይዛ ከሁማ ከተማ መጣች። ኤርሊን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው የምትነዳው። ያን ሁሉ ተንጫጪ ልጅ በመስተዋት ውስጥ በአንድ ዓይኗ ጸጥ ታሰኘዋለች፤ አባቷን ግን በሁለቱም አልቻለችውም።

ማታ እራት ላይ ተጯጯሁ። እሷ ክፍሉ ተዘጋጅቷል፣ አልጋው ተነጥፏል አለች። እሱ አልጋ እንዳለው ነገራት። ሞተህ ነው የማገኝህ አለችው። ታዲያ የት ልሙት፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ? አላት። ደርዊን ዓይኑን ከሩዙ ላይ ሳያነሳ ይበላል፤ በእነዚህ ሁለት ሰዎች መሃል መግባት በሚዞር የጀልባ ሞተር ውስጥ እጅ እንደመክተት መሆኑን ካወቀ ቆይቷል።

በመጨረሻ ኦዜም ራሱ ውል አመጣ። ነገ እስከ ቀትር በገዛ ዘንጉ፣ ማንም ዓይን ሳያበድረው፣ ለሦስቱም የሚበቃ ምሳ ካጠመደ የቤት ነገር ሁለተኛ እንዳይነሳበት። ካላጠመደ የጀልባውን ቁልፍ ለኤርሊን ሊሰጥ፣ ሁማም ሊገባ። ጀልባውን እሷ ትንዳ፣ ዓሣውን እሱ ያገኛል። እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። ኤርሊን እንዳሸነፈች ቆጠረችው። አባትዬውም እንደዚያው ቆጠረው።

ጠዋት ውሃው ጋደም ብሏል፤ መስከረም ስለሆነ ትንኙም ገና ሥራ አልፈታም። ኦዜም ከፊት ተቀምጦ አፍንጫውን እንደ ውሻ ወደ ነፋሱ ቀስሮ ያዛል፤ ወደ ግራ፣ ቀስ፣ ሣሩን ተጠጊ። ደርዊን በራሱ ጀልባ ራቅ ብሎ ይከተላል፤ ሽማግሌው ቢወድቅ የሚያወጣ ሰው ይኑር ብላ ኤርሊን ናት ያዘዘችው። ጀልባዋ በቆመች ቁጥር ኦዜም በእጁ ዳብሶ ቁልፉን ይነቅልና አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ቁልፉ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ እንዲንሳፈፍ የቡሽ ቁራጭ ታስሮበታል። የገዛ ልጁንም በቁልፍ አያምንም።

አሁን ስለ ዝንጉርጉሩ ዓሣ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ይሄ ሆዳም ጥልቅ ያለ ውሃ ውስጥ በመንጋ ሆኖ ቅባታም ትንንሽ ዓሦች ላይ ሲዘምት፣ ቅባታቸው ወደ ላይ ወጥቶ ውሃው ላይ ይጋደማል። ዓይን ያለው ሰው ያንን አንጸባራቂ ነገር ፈልጎ ነው የሚሄደው። ሽታው ደግሞ ሌላ ምንም አይደለም፤ ሐብሐብ ነው። የተቆረጠ፣ የበሰለ ሐብሐብ። እዚያ አገር ባሕር መሃል ሐብሐብ የሸተተው ሰው ሞተሩን አጥፍቶ ጸሎት ይጀምራል።

ኦዜም ሸተተው።

"አጥፊው" አላት በሹክሹክታ።

መልሕቁን ራሱ በቀስታ አወረደ። ሽሪምፑን መንጠቆው ላይ ሰካ፤ ጣቱ እንኳን ስቶ አልተወጋም። ወረወረና ክሩ ላይ የታሰረውን ቡሽ ሳብ አደረገው፤ ቡሹ ውሃውን ፕሏቅ አሰኘው። ዝንጉርጉሩ ይሄን ድምፅ ሲሰማ ሌላው እየበላበት መስሎት በቅናት ይመጣል። ፕሏቅ። ፕሏቅ። ምንም የለም። ሽታው ግን አለ፤ እንዲያውም ባሰበት። ኦዜም በደስታ ይንቀጠቀጣል፤ ኧረ ከሥራችን ናቸው፣ እንደ ምንጣፍ ተነጥፈዋል ይላል። ፀሐይዋ ወጣች፣ ከፍ አለች። ከመዳፍ የማትበልጥ አንዲት ዓሣ መጣች፤ እሷንም ሰድቦ መለሳት። ኤርሊን ሰዓቷን አየች። እሱ ሽሪምፕ ቀየረ፣ ክር አስረዘመ፣ ጎን ቀየረ። ሽታው አልቀነሰም።

ከዚያ ከሣሩ ጀርባ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል፣ አንድ ሰው ፍሬ ሲተፋ ተሰማ። ፕቱ። ውሃ ላይ ጠብ። ፕቱ።

ኦዜም ዘንጉን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። "ደርዊን" አለ፣ "ምን እየበላህ ነው?"

ደርዊን ጀልባውን በመቅዘፊያ ገፋ አድርጎ ከሣሩ ዳር ብቅ አለ። ጉልበቱ ላይ ግማሽ ሐብሐብ፣ እጁ ላይ ቢላዋ፣ አገጩ ላይ ጭማቂ። "ሐብሐብ ነው፣ ሙሲዬ ኦዜም። ለእርስዎም ልቁረጥልዎ?"

ኤርሊን ሳቋን ለማፈን ሆዷን ይዛ ተጎነበሰች። ሐብሐብ እንዲበላ እሷ አላዘዘችውም፣ በነፍሷ ትምልላችኋለች። ኦዜም ግን አላመነም። ሁለቱንም እስከ ሰባት ቤታቸው ድረስ ከሰደባቸው በኋላ፣ በዚህ ውሃ ላይ ሐብሐብ የሚበላ ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚያፏጭ ሰው ነው አለ። ከዚያ እጁን ዘረጋ። ቁራጩን ተቀብሎ እስከ ነጩ ድረስ ጋጠው። ኩራት ሌላ፣ ሐብሐብ ሌላ።

"አባዬ፣ ይበቃል። ቀትር ሊሆን ነው" አለች ኤርሊን።

"ሊሆን ነውና ሆኗል አንድ ናቸው? ንጂ። ትንሿ ኩሬ ውስጥ አስገቢኝ።"

አፍንጫው ከድቶታልና በጆሮው ሊሄድ ነው። ኩሬዋ ውሃዋ ከወገብ አይበልጥም፤ እዚያ ደግሞ የዝንጉርጉሩ ሳይሆን የቀዩ ዓሣ አገር ነው። ቀዩ ሸርጣን ሲያሳድድ ራሱን ጭቃ ውስጥ ቀብሮ ጭራውን ወደ ሰማይ ያደርጋል፤ ጭራው ላይ እንደ ዓይን የተሣለች ጥቁር ነጥብ ስላለችው ከኋላው የምታይህ ይመስልሃል። ጀልባ የሚያንኳኳ ሰው አይወድም። ስለዚህ ኦዜም ለማንም ሳይናገር እግሩን አሻገረና ውሃው ውስጥ ወረደ። ኤርሊን ጮኸች። እሱ ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ያዘው፣ ውሃው እስከ ቀበቶው። ቆመ። ምን ልበላችሁ፣ የተተከለ እንጨት ሆነ። አንዲት ወፍ ልታርፍበት ዞራ አየችው።

ከሣሩ ሥር አንድ ነገር ጠፍ አለ፤ እርጥብ ፎጣ ውሃ ላይ እንደወደቀ። ድጋሚ ጠፍ። ኦዜም አንገቱን ዘንበል አድርጎ ወረወረ፣ ሽሪምፑ ድምፁ ያለበት ደረሰና ውሃው ፈነዳ።

ዘንጉ ጎበጠ፣ ክሩ እየጮኸ ሄደ። ዓሣው ሽማግሌውን ከጭቃው ነቀለው፣ በሆዱ ጣለው፣ ጎተተው። ኤርሊን ከጀልባው ላይ እጇን ዘረጋች፤ "እጅሽን አንሺ!" አላት አፉ በውሃ ተሞልቶ። ተነሳ፣ ወደቀ፣ ተነሳ። ባርኔጣው ብቻውን መንገዱን ይዞ ሄደ። ዓሣውም ሰውየውም እስኪደክማቸው ታገሉ፤ ቀድሞ የደከመው ዓሣው ነው፣ ያውም በጥቂት።

ኦዜም ዓሣዋን አቅፎ ያዛት። በመዳፉ ከራሷ እስከ ጭራዋ ሄደ፤ ጉዞው ረጅም ነበር። ፊቱ ተለወጠ። ኤርሊንም ከላይ አይታለች። ከተወሰነው ርዝመት ያለፈ ቀይ ዓሣ ይለቀቃል፣ ሕጉ ነው፤ ይቺ ደግሞ ሕጉን አልፋ በዋና ትሄዳለች።

ኤርሊን ዞር ብላ ሩቅ አየች። ሣሩ፣ ውሃው፣ ማንም የለም። ከዚያ "እኔ ሜትር አልያዝኩም" አለች።

ኦዜም ገባው። ቢፈልግ አሁን አሸንፏል። ዓሣዋን ውሃ ውስጥ እንደያዘ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያደረገ ትንፋሿን መለሰላት።

"እኔን ታክላለች" አለ። "ስንት ልጅ የወለደች አሮጊት ናት። እኔ እንደ አንዳንዱ ሰው ሽማግሌ ከቤቱ አላስወጣም።"

ለቀቃት። በጭራዋ ጥፊ ውሃ ረጨችውና ሄደች።

ቀትር ሆነ። ኤርሊን በቀስታ ነው የተናገረችው፤ ቁልፉን አምጣ አለችው። ኦዜም አንገቱ ላይ ያለውን አውጥቶ ወረወረላት። ቃሉን አያጥፍም። አሁን ግባ አለችው። አልገባም አላት።

"ተስማምተን የለ እንዴ? ሁማ እገባለሁ አላልክም?"

"ብያለሁ። መቼ እንደምገባ ተነጋግረናል?"

እንግዲህ የአውቶቡስ ልጆቹ ያላደረጓትን አደረጋት። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ ባሕሩ እየሞላ ነው አለችው። ከባሕሩ ጋር ካንቺ በፊት ነው የምንተዋወቀው አላት። እሷም ደሞ የማን ልጅ ናት? እንደወደድክ ብላ ዳቦዋን ፈታ መብላት ጀመረች። ውሃው ከቀበቶው ወደ እንብርቱ ወጣ። ደርዊን ጫጫታውን ሰምቶ ከኩሬዋ አፍ ደረሰና ሁለቱን ተራ በተራ አያቸው።

"ቤት ሄጄ ድስቱን ልጣድ ወይስ ዕቃውን ልጫን?" አለ።

"ጣድ!" አለ ኦዜም። "ጫን!" አለች ኤርሊን። ደርዊን አመስግኖ ሄደ።

የባሕሩ ሙላት በኩሬዋ አፍ እየተገፋ ሲገባ ሽሪምፑን ይዞ ነው የገባው። ሽሪምፑ እንደሚቆላ እህል ከውሃው ላይ ይዘል ጀመር፤ ወፎቹ ከየት መጡ ሳይባል በላዩ ላይ ተንጫጩ። ሽሪምፑን ከጥልቁ ተከትሎ መጥቶ ወደ ላይ የሚያባርረው ማን እንደሆነ ኦዜም በጆሮው አውቋል፣ ኤርሊን በዓይኗ። የእሱ ዘንግ ግን ቀዩ ዓሣ ሲጎትተው ክሩ ተተብትቦ ጉድ ሆኖበታል። ጀልባው ውስጥ ደግሞ ሌላ ዘንግ አለ።

ኤርሊን ካገባች ወዲህ ዘንግ ነክታ አታውቅም። አሁንም ያነሳችው ዓሣ ፈልጋ አይደለም፤ ንዴቷን የምትወረውርበት ነገር ስታጣ ነው። ወረወረችው። ቡሹ ገና ሳይረጋ ሰጠመ።

"ቀስ!" አለ ኦዜም ከውሃው ውስጥ። "አፉ ስስ ነው፣ ይቀደድብሻል።"

"ዝም በል።"

"ዘንጉን ዝቅ አድርጊ እንጂ፣ ባንዲራ ነው እንዴ የምትሰቅዪው?"

"አባዬ፣ ዝም በል ብያለሁ!"

ዝንጉርጉሩ ብር መስሎ ጀልባው ውስጥ ተንፈራገጠ። ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው መጣ፤ አራተኛው አፉ ተቀዶ አመለጣትና ኤርሊን ለአውቶቡስ ነጂ እንኳን የሚከብድ ስድብ ተሳደበች። ኦዜም በስድቡ ጥራት ረካ። ከዚያ መቁጠሩም ቀረ። ፀጉሯ ተበትኖ፣ ሸሚዟ ቅርፊት በቅርፊት ሆኖ፣ እግሯን ከፍታ ቆማ ትወረውራለች፣ ትጎትታለች፣ ለብቻዋ ትስቃለች። ሽማግሌው ያንን ሳቅ አላየውም፤ ግን ሲሰማው ሳቁ እንደ ወፍ ደንግጦ እንዳይበር ብሎ ትንፋሹን ያዘ። ውሃው ደረቱ ላይ ነው። ብርዱ ጥርሱን ያንቀጫቅጨው ጀምሯል፤ ግን እንደገና ግባ ካላለችው አይገባም፣ ብትለውም ወዴት ብሎ ሳይጠይቅ አይገባም።

ወፎቹ ሄዱ። ጸጥ አለ። ኤርሊን የበረዶው ሣጥን ውስጥ ያለውን አየች፣ አባቷን አየች፤ ከውሃው በላይ የቀረው ራስና ትከሻ ነው፣ ከንፈሩም ሰማያዊ ሆኗል፣ አሁንም አገጩን ቀስሯል።

"ና ውጣ" አለችው።

"ወዴት?"

 ሣጥኑን ከደነች። ከፈተች። ድጋሚ ከደነች።

"በዚህ ሙቀት ሁማ እስክንደርስ ዓሣው ይበላሻል" አለች።

"እውነትሽን ነው፤ ይበላሻል።"

"ስለዚህ ወደ ቤትህ። የሚበላው እዚያ ነው።"

"ከተበላ በኋላስ?"

"ከተበላ በኋላ እዚያው ትቀመጣለህ፤ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ ውሃ ላይ የማወጣህ እኔ ነኝ። ብቻህን ውሃ ላይ ወጣህ የሚል ከሰማሁ ቤቱን ራሴ ነው የማቃጥለው።"

ኦዜም አሰበበት። ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዝ ደግሞ አይወድም። ግን ቤቱ ውስጥ ሆኖ የሚጣስ ትእዛዝ ነው። ክንዱን ዘረጋላት። ብብቱን ይዛ ስትጎትተው ሁለቱም ዓሣው ላይ ተያይዘው ወደቁ። ተነሥቶ ውሃውን ሳያራግፍ መዳፉን ዘረጋ።

"ቁልፌን።"

"ተሸንፈህ የሰጠኸኝን? ቁልፉ የኔ ነው።"

"ያለ ቁልፍ ሞተር ማስነሳት የማልችል መሰለሽ?"

"ሞክርና እናያለን" አለችና ቁልፉን ከነቡሹ አዙራ ሞተሩን አስነሳች። የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ሁማ የሚመልሳት መኪና ከቆመበት አዙራ ወደ ጠባቧ ቦይ ቀሰረች፤ ለቤቱ አቋራጯ እሷ ናት።

"ተይ፣ እሷ ተደፍናለች" አለ ኦዜም። "ጀልባ አታሳልፍም።"

ኤርሊን ጋዙን ጨመረች። የጀልባዋ ሆድ ጭቃውን ሲፍቀው፣ ሣሩ ከግራና ከቀኝ ሲገርፋቸው ኦዜም ሁለቱንም ጠርዝ ጨበጠ። ጀልባዋ ተንገራገጨች፣ ዘለለች፣ አለፈች።