ተራራው ሞቀ የተባለ ሰሞን

ታናሽ እህቴ የአየር ትንበያ ባለሙያ ናት። የብርዱ ወራት ሊገባ ሲል ስለ ተራሮቻችንና ስለ ሸለቆዎቻችን በሬዲዮ የምትናገረው እሷ ናት። አምና «በረዶ ቶሎ አይመጣም» ባለች በማግስቱ አውቶቡሶች በረዶ ውስጥ ተቀርቅረው አደሩ። ከዚያ ወዲህ ሾፌሮች ድምፅዋን ሲሰሙ ሬዲዮውን ይዘጋሉ፤ ጎረቤቶቻችንም ፀሐይ ነው ካለች ጃንጥላ ይዘው ይወጣሉ። አለቃዋ ጨዋ ሰው ስለሆነ አልተቆጣትም። «ዘንድሮም ከሳትሽ በአንቺ ቦታ ሙዚቃ እናሰማለን» ብቻ አላት።

ሙዚቃ ከተባለ ጀምሮ እንቅልፍ አጣች።

ተራራው አናት ላይ ላለው መለኪያ ጣቢያ የሚታመን ሰው ስትፈልግ ከባሏ የተሻለ አላገኘችም። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ሲያስታምም ኖሮ በቅርቡ ጡረታ የወጣ፣ ዝንብ እንኳ እሽ የማይል ሰው ነው። ሥራው ቀላል ነበር፤ ጠዋትና ማታ ነጩን የእንጨት ሳጥን ከፍቶ፣ ቴርሞሜትሩን አንብቦ መደወል።

መጀመሪያ የደወለ ቀን ድምፁ ልክ አልነበረም። «ከዜሮ በታች አምስት! ኧረ ደግሞ እየወረደ ነው!»

«እሺ፣ በደንብ ተከታተለው» አለችው ቀና ሳትል።

ከዚያ ወዲህ የሚደውለው ሁሉ የምሥራች ሆነ። «ዛሬ ስምንት ደርሷል።» «አሥራ ሁለት! ተመስገን ነው።» እኛ ደግሞ ሸለቆ ውስጥ ጠዋት ጠዋት መስኮታችን ላይ ውርጭ እንፍቃለን።

እህቴ ግን አልገረማትም፤ እንዲያውም ደስ አላት። «ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው» አለችን። «እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ ሸለቆ ውስጥ ይተኛል፤ ተራራው ከላይ ይሞቃል። መጽሐፉ ላይ አለ።»

«እኛ ላይ ነዋ የሚተኛው!» አለች አክስታችን ጉልበቷን እያሸች።

የብርዱ ወራት ትንበያ በሬዲዮ የሚነበበው እሑድ ማታ ነበር። አክስቴ ግን ማታውን አልጠበቀችም፤ በጠዋት ሻንጣዋን ዘጋች። «ይሄን ብርድ ተራራ ላይ ሆኜ አሳልፈዋለሁ። ባልሽ ጋ አንድ አልጋ አይጠፋም» ብላ ስስ ቀሚስ ለብሳ፣ የገለባ ባርኔጣ ደፍታ ወጣች። አድርሳት ተባልኩ። ኮቴን ልተወው ስል ውስጤ «ያዘው» አለኝ፤ እሱ ይመስገን፣ ያዝኩት።

አውቶቡሱ ሽቅብ በወጣ ቁጥር አክስቴ እየተኮራመተች ሄደች። «ሙቀቱ የሚጀምረው የት ጋ ነው?» ትለኛለች።

«ትንሽ ከፍ ሲል ይሆናል።»

«ከዚህ በላይ ያለው እኮ ሰማይ ነው፣ አንተ ልጅ!»

ስንወርድ ነፋሱ ባርኔጣዋን ወሰደው፤ እሷ ደግሞ ኮቴን ከላዬ ገፈፈችኝ። የእህቴ ባል ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ እየሮጠ መጣ። «እንኳን ደህና መጣችሁ! ቀስ በሉ፣ ገና አሁን ነው ደህና የሆነው።»

«ማን?»

ወደ ሳጥኑ ወሰደን። ሳጥኑ በወፍራም ብርድ ልብስ ተጀቡኗል። ሲከፍተው፣ ከቴርሞሜትሩ ጎን ፍል ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በፎጣ ተጠቅልሎ ቆሟል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ የመጣሁ ዕለት ብታየው! ሙቀቱ ወርዶ ወርዶ! እኛ ክፍል ቢሆን ሐኪም ይጠራ ነበር። ውሃ እየቀያየርኩ ስንት ሌሊት አስታመምኩት። አሁን አሥራ አራት ገብቶልሃል።»

አክስቴ ብርድ ልብሱን መንጭቃ ተከናነበችው። «በሽተኛዋ እኔ ነኝ! ጠርሙሱንም ወዲህ በለው!»

እኔ የታየኝ የእህቴ ነገር ነው። ማታ ተራራው ይሞቃል ብላ ለአገሩ ሁሉ ልትናገር ነው። «ደውልላት» አልኩት።

«እኔ?»

«ያስታመምከው አንተ ነህ።»

ደውሎ ሁሉንም ነገራት። «ከመቼ ጀምሮ ነው የለበሰው?» አለችው።

«ከሁለተኛው ቀን። ብርድ ልብሱ ግን ንጹሕ ነው።»

«አሁን ስንት ይላል?»

ሮጦ አይቶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ተመለሰ። «ከዜሮ በታች ሦስት» አላት፤ ስልኩንም ለእኔ ሰጥቶ ዞር አለ።

«ጋሼ፣ አለቃዬ የመሣሪያ ብልሽት ነው በይ ይለኛል። ምን ልበል?»

«እኔ ስለ አየር ምን አውቃለሁ? የሆነውን ተናገሪ። የሚያምነኝ ይጠፋል ብለሽ አትፍሪ፤ የሚያምንሽ ሰው እንደሆነ ድሮም የለም» አልኳት። ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም።

ማታ ሦስታችንም ሬዲዮ ከበን ተቀመጥን። ከአክስቴ የሚታየው አፍንጫዋ ብቻ ነው። እኔ በልቤ «አደራህን፣ አታሳፍራት» እላለሁ።

«እንደምን አመሻችሁ። ሸለቆዎቹ ላይ ውርጩ ይቀጥላል። የተራራውን የወራት ትንበያ ግን ዛሬ አልሰጣችሁም። ባለቤቴ ቴርሞሜትሩን ብርድ እንዳይመታው ብሎ ብርድ ልብስ አልብሶት ከርሟል።» ከኋላዋ የሆነ ሰው ሳቁ አመለጠው። «የዛሬን ግን እነግራችኋለሁ። ደመናው ከምዕራብ እየገባ ነው። አክስቴም እኔን አምና በስስ ቀሚስ ተራራ ላይ ወጥታ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ነው። ዛሬ ሌሊት በረዶ ይጥላል። ሾፌሮች፣ ጎማችሁ ላይ ሰንሰለት እሰሩ።»

«በሬዲዮ ተወሳሁ!» አለች አክስቴ። ቆየችና ደግሞ፣ «የቀሚሱን ነገር ማንሣት ምን አስፈለጋት?»

ሌሊቱን በረዶው ወረደ፣ ያውም እንዴት አድርጎ! ጠዋት አውቶቡሱ ሰንሰለቱን እያንቋቋ ደረሰ። ሾፌሩ ሳቁ ገና አላለቀለትም።

«ያቺ ሴትዮ ስትጀምር ልዘጋት እጄን ሰድጄ ነበር» አለን። «ብርድ ልብስ ስትል እጄ እዚያው ቀረ። ሾፌር ሁሉ ሰንሰለት አስሮ ነው ያደረው። ባሏን እንዲህ አድርጋ ያጋለጠች ሴት ስለ በረዶ ምን ብላ ትዋሻለች? ከእንግዲህ ሳልሰማት አልወጣም። ሰውየውን ግን ታውቁታላችሁ?»

የእህቴ ባል አካፋውን አንሥቶ ቀድሞም የተጠረገውን ደጅ መጥረግ ጀመረ።

«በዓይናችንም አይተነው አናውቅ» አለች አክስቴ፤ ብርድ ልብሱን ሰብሰብ አድርጋ አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች።