ሰባት ከአሥር ያገኘው ሙዳይ

ሐረገወይንን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጉሮሮዋ ላይ ቆሞ አልወርድ ያላት ነገር ቁጥር ነው። ሰባት። ሰባት ከአሥር።

የመጀመሪያ ልጇ መዝሙር እዚያው አዘዞ ላይ አራተኛ ክፍል ሳለ፣ የሥነ ውበት መምህሩ አስናቀው፣ "ለሰኞ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የእጅ ሥራ ሠርቶ ይምጣ" ብለው አዘዙ። እንዴት እንደሚሠራ አላሳዩም፤ ሰኞ ይምጣ ነው ያሉት። የመዝሙር እጅ ደግሞ ጠጠር ከመወርወር በቀር የሚያውቀው የለም። እናቱ እንደ ሰፈሩ እናት ሁሉ ተቀመጠችና ሙዳይ ሰፋችለት። እንግዲህ ሐረገወይን ማለት ከአዘዞ እስከ እንፍራንዝ ልጅ የሚድር ሁሉ ደጅ የሚጠናት ስፌት ሠሪ ናት። ሙዳዩ ሰኞ ሄደ፤ ማክሰኞ ወረቀት መጣ። ሰባት ከአሥር፤ ከሥሩም በቀይ እስክሪብቶ፣ "ጥራት ይጎድለዋል።"

ሙዳዩ ራሱ አልተመለሰም።

ሁለተኛው ልጇ አራተኛ ክፍል ሲደርስ መምህሩም ትእዛዙም እነዚያው ናቸው። ሌማት ሰፋች። ስምንት ተሰጣት፤ "ይሻሻላል" የሚል ተጽፎበት። ሌማቱም በዚያው ቀረ።

"እሳቸው ወስፌ በየት በኩል እንደሚያዝ ሳያውቁ እኔ ልሻሻል" ትል ነበር የመስፊያውን ሣር፣ አክርማውን፣ እየሰነጠቀች።

ዘንድሮ ተራው የትንሿ፣ የዝማሬ ሆነ። ዝማሬ እንደ ወንድሞቿ አይደለችም፤ እጇ ሥራ ይወዳል። መምህር አስናቀው ሰሌዳው ላይ ጎጆ፣ ዛፍና ፀሐይ ይሥላሉ፤ ስድሳ ልጅም ስድሳ ጎጆ ይገለብጣል። እሷ ግን ከጉብታው ላይ ሆና ያየቻቸውን ባጃጆች ሣለች፤ ጣሪያ ጣሪያቸውን ብቻ፣ የጥንዚዛ መንጋ አስመስላ። ኤክስ ተደረገባት። ጎጆው የለማ።

የእጅ ሥራው ሲታዘዝ ዝማሬ ራሷ ጀመረች። ሐረገወይን መጥታ ብታይ፣ አንድ ጎኑ ያበጠ፣ ወይን ጠጁና አረንጓዴው የተጣላ ነገር ነው።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ዶሮ ናት፣ እማ። እንቁላል ላይ ተኝታ።"

"ይኼን ይዘሽ ልታዋርጅኝ ነው?" አለችና ነጥቃ ወደ ጓዳ ወረወረችው። ከዚያ ሦስት ቀን ተቀምጣ በዕድሜዋ ያልሰፋችውን ሙዳይ ሰፋች። ሙዳዩ ሄደ፤ ወረቀት መጣ። ዘጠኝ።

"አንዷ ምነው ጎደለች?"

"እኔ ምን አውቄ" አለች ዝማሬ። "የተፈተንሽው አንቺ።"

ከዚያ ወዲያ ልጅቱ ሣር አልነካችም። በስንደዶው እስር አጠገብ ስታልፍ የጎረቤት ልብስ ያየች ያህል ዞር ብላም አታየው። ይኼ ከሰባቱም ከዘጠኙም የባሰ እናቲቱን አንገበገባት፤ ግን ሐረገወይን ጥፋቱን በራሷ ላይ ለመጣል የምትቸኩል ሴት አይደለችም።

በዚህ መሐል የመምህሩ የልጅ ልጅ ክርስትና ተነሣ፤ እሷም ተጠራች። ሳሎን ገብታ ቀና ስትል፣ ቡፌው ላይ የሰፈሩ እናቶች ሁሉ የእጅ ሥራ ተደርድሯል። የእሷ ሙዳይ የቤቲቱ ክር ማስቀመጫ ሆኗል፤ "መዝሙር፣ 4ኛ ሀ" የሚለው ወረቀት እንኳ አልተነሣለትም።

የመምህሩ ሚስት ይርገዱ ዓይኗን ተከትላ፣ "ሁሉም የተማሪዎቹ ነው፤ እጃቸው እንዴት እንደተባ አየሽ? እሱ እኮ ነው ያስተማራቸው" አለቻት።

"ሸጋ ነው" አለች ሐረገወይን። "ትንሽ ጥራት ይጎድለዋል እንጂ።"

ስቃ ወጣች፤ መንገድ ላይ ግን ሳቁ ጠፋ። ቡፌው ላይ ከነበረው ሁሉ አንድም የልጅ እጅ የነካው የለም። የእሷ ልጅ የነካችው አንዱ ብቻ፣ እሱም ጓዳ ተጥሏል።

ሰኞ ጠዋት ዶሮይቱን አቧራዋን አራግፋ፣ አንድ ሸክም ስንደዶና አክርማ አዝላ የዝማሬን ክፍል በር አንኳኳች።

"ምነው እትዬ ሐረገወይን፣ በደህና?" አሉ መምህሩ።

"በደህና ነው፣ መምህር። ዘጠኝ ዓመት በልጆቼ ስም ተማርሁ፤ ዛሬ እነሱ ይማሩ ብዬ ነው።" ዶሮይቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠች። "የዝማሬ የእጅ ሥራ ይኼ ነው። ያ ዘጠኙ የእኔ ነው፤ ከቡፌው አያንሡት፣ ቁጥሩን ብቻ ከስሟ ይፋቁ።"

ስንደዶውን ለልጆቹ አደለችና ወስፌዋን ለመምህሩ ዘረጋች። "አንቱ ይጀምሩልን፤ እነሱ እያዩ ይከተላሉ።"

ስድሳ ልጅ እያየ እንቢ አይባልም። መምህር አስናቀው ጀመሩ። አውራ ጣታቸውን ወጉ። ከእጃቸው የወጣው ነገር ድመት የተጫወተበት ጭድ ይመስል ነበር።

"ስንት ይሰጡኛል?" አሉ በአፍረት እየሳቁ።

"ሦስት። ይሻሻላል።"

"ይቺ አክርማ ምነው ትሰበርብኛለች ታዲያ?" አሉ መምህሩ።

"እኔን አይጠይቁኝ። ዝማሬን ይጠይቋት።"

ልጅቱ ከመቀመጫዋ ቀና አለች። ጠረጴዛው ላይ ዶሮዋን አየች፤ እናቷን አየች። ተነሣችና ወስፌውን ከመምህሯ እጅ ወሰደች።

"መጀመሪያ አክርማው ውኃ ይንካ" አለች። ከዚያም ወይን ጠጁን ከአረንጓዴው አጠገብ፣ መሆን በሌለበት ቦታ፣ አጥብቃ ወጋችው።

የሐረገወይን ጣቶች ሊያርሙ ተነሡ። ከጭኗ በታች ከተተቻቸውና፣ ደወሉ እስኪደወል ድረስ ተቀመጠችባቸው።