በቀኝ በኩል የሚያኝክ ሰው

«ቦይናው አልበሰለም እንዴ?» አለች ትሕትና።

የወንድሟ ጓደኛ ሳሚ አፉን በጋቢው ጫፍ እንደሸፈነ በስሏል ለማለት ራሱን ነቀነቀ። ጎረቤት ቀቅሎ ያመጣው ይህ ጎደሬ እንኳን ሊጠነክር፣ በእጅ ሲይዙት ይፈርሳል። ሳሚ ግን ትንሽ ቆንጥሮ ወደ ቀኝ ጉንጩ ይሰድና ዐይኑን ጨፍኖ ይውጣል። የሚያቃጥለውን ዳጣ ጭራሽ አልነካውም። ሶዶ ተወልዶ ዳጣ የማይነካ ሰው ታሟል ማለት ነው።

ወንድሟ እዮኤል ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እሱም እንዲህ ነበር የሚበላው። ለፋሲካ ከምትሠራበት ከቢጠና ስትመጣ አይታው «ምነው በአንድ በኩል ብቻ?» ብትለው፣ «ሌላኛውን ለሠርግሽ አስቀምጬው ነው» አላት። ሳቀች። አሁን የሚያንገበግባት ያ ሳቋ ነው።

ከለቅሶው ድንኳን ፊት የቆመው ሰባኪ «ድንገተኛ ሕመም ነጠቀን» አለ።

ድንገተኛ! አራት ዓመት ሙሉ ከሳሚ ጋር ጫቱን በግራ ጉንጩ ወጥሮ፣ በደረቀ አፉ ላይ ስኳርና ለስላሳ ሲጨምርበት፣ ሲያመው በአረቄ ሲያደነዝዘው ከርሞ። ጥርሱ በሰበሰ፣ መግሉ ወደ አንገቱ ወረደ። የጥርስ ክሊኒኩ በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ግን እዚያ የሚያክመው ክብረት፣ አባቷ አቶ ባዳቾ ሽማግሌ በሆኑበት ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነው።

«አፉን ሲከፍት ቅጠሉን ያያል» ብለው ነበር አባቷ። «እሁድ በምን ፊቴ እቆማለሁ? በሚቀጥለው ሳምንት ሐዋሳ እንወስደዋለን። እዚያ ማን ያውቀናል?»

የሚቀጥለው ሳምንት ለእዮኤል አልደረሰም። እሷስ? ፋርማሲስት ነኝ ትላለች። ሲደውልላት «ሥራ ላይ ነኝ፣ አሞክሳሲሊን በሚኒባስ እልክልሃለሁ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። አፍህን አሳየኝ አላለችውም።

ተነሥታ ሳሚ ፊት ቆመች።

«ጋቢውን አውርደው።»

«ተይ ቲቱ፣ ሰው እያየን ነው።»

ራሷ አወረደችው። የግራ መንጋጋው አብጦ ያብረቀርቃል።

«ስንት ቀን ሆነህ?»

«ያው... ከቀብሩ ወዲህ ነው። ለቅሶው ይሆናል።»

«ለቅሶ መንጋጋ አያሳብጥም። ተነሥ፣ ክብረት ጋ እንሂድ።»

«ክብረት ፊት አፌን ከምከፍት ፖሊስ ፊት ኪሴን ብከፍት ይሻለኛል።»

የሚስቅ ሰው አልነበረም። አቶ ባዳቾ ከፊት ወንበር ላይ ሆነው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ትሕትና፣ ተቀመጪ። ሐዘንተኛ ድንኳን ጥሎ አይሄድም። ልጁ ነገ ይታከማል» አሉ።

«ነገ የት? ሐዋሳ?»



«ወንድሜን የገደለው ጥርስ ነው» አለች፣ ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማት። «ድንገተኛ ምናምን አይደለም። ቃመ፣ ጥርሱ በሰበሰ፣ እኛም አፍረን ደበቅነው። ጥርስ ነው የገደለው!»

አባቷ መሬት መሬቱን አዩ። እናቷ ፊቷን ከነጠላዋ ሳታወጣ፣ በወላይትኛ «ሂጂ» አለቻት። «ቶሎ ሂጂ።»

ክሊኒኩ ውስጥ ክብረት ጓንቱን አጥልቆ የሳሚን አፍ አየና ምንም አልጠየቀም። መርፌ ወጋው፣ ጠበቀ፣ ጥርሱን ነቅሎ መግሉን አፈሰሰ። ሳሚ የወንበሩን ክንድ ጨምድዶ ይዟል። ሥራውን ሊጨርስ ሲል ክብረት ወደ ትሕትና ሳይዞር ተናገረ።

«እዮኤልን ለምን አላመጣችሁትም?»

«አባቴ እንዳታውቅበት ብለው ነው።»

«ምኑን?»

«መቃሙን።»

«በየቀኑ በዚህ በር ጉንጩን ወጥሮ ያልፍ ነበር እኮ። ሰላምታም ይሰጠኛል» አለ ክብረት። «ሶዶ ውስጥ የማያውቅ ማን ነበር?»

 ንዴቷ የሚያርፍበት ቦታ አጣ።

«ጨርሰናል» አለው ክብረት ሳሚን። «ዝጋው።»

ሳሚ አፉ ደንዝዞ እንደተከፈተ ቀርቷል፤ ምራቁ በአገጩ ይወርዳል። ትሕትና ጠጋ ብላ መዳፏን ከአገጩ ሥር አደረገችና ቀስ ብላ ወደ ላይ ገፋችው። ከንፈሮቹ ገጠሙ። በቀብሩ ጧት እዮኤልን ሲገንዙት አገጩን በሁለት እጇ ብትገፋም፣ አፉ ከእብጠቱ የተነሣ አልገጥም ብሏት ነበር።

«ተዘግቷል እኮ» አለ ሳሚ በተኮላተፈ አፉ።

እጇን አላነሳችም።