አንድ ሺህ ሁለት መቶ ቅጠል

እናቴ ሠላሳ ዓመት የቲማቲም ችግኝ ስታፈላ ኖራለች፤ ቅጠል መታመሙን ለመለየት አንዴ ማየት ይበቃታል። እኔ ደግሞ ያንን ዓይኗን ለኮምፒውተር ላስተምር ብዬ ዶክትሬት የጀመርኩ ሰው ነኝ። ደህናውንና በሽተኛውን እየለየች አንድ ሺህ ሁለት መቶ ቅጠል በስልክ ፎቶ አነሳችልኝ። ፕሮግራሜም ከመቶው ዘጠና ዘጠኙን በትክክል ለየ። አማካሪዬ አደነቀኝ፤ እግሬ መሬት አልነካ አለ።

ጥናቴን ፈታኞች ፊት የማቀርብበት ቀን ወር ሲቀረው፣ ጉራዬን ልነዛ ላፕቶፔን ይዤ ቤት ሄድኩ። ለምለም ቅጠል ወለሉ ላይ አድርጌ ፎቶ ባነሳ ፕሮግራሙ «ታሟል» አለ። ባዶውን ወለል አነሳሁ፤ «ታሟል»። ነጠላ ጫማዬን አነሳሁ፤ እሱም ታሟል። ጠረጴዛው ላይ ያደረግኩትን የጠወለገ ቅጠል ግን «ደህና ነው» አለው። ክው አልኩ።

እንዴት እንዳነሳቻቸው ጠየቅኳት። ደህናዎቹን ጠረጴዛ ላይ፣ በሽተኞቹን ሲሚንቶው ወለል ላይ አድርጋ ኖሯል።

«ምን ላድርግ ታዲያ፣» አለችኝ፣ «በሽተኛ ቅጠል የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ላውጣ?»

ለካስ የእኔ ሊቅ ስድስት ወር ሙሉ ያጠናው ጠረጴዛና ወለል ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ዝም ልል አስቤ ነበር። ፈታኞቹ የሚያዩት እነዚያኑ ፎቶዎች ነው፤ ማን ያውቅብኛል? እንደገና ልጀምር ብልስ የእናቴ ጉልበት እንዴት ይችላል? ራት ላይ ግን ፊቴን አይታ አላስቀምጥ ስትለኝ ነገርኳት። ትቀየማለች ብዬ ስፈራ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። በማግስቱ ጠዋት አንድ ግራጫ ትሪ ይዛ ችግኞቿ መሀል ተቀምጣ አገኘኋት፤ ደህናውም በሽተኛውም እዚያው ትሪ ላይ። ሁለት ሳምንት ፈጀብን።

አዲሱ ውጤት ከመቶ ቅጠል ሰማንያ ሦስት ሆነ፤ ኮምፒውተሩ የተሳሳተባቸውን አሥራ ሰባቱን ለእናቴ አሳየኋት። ለአማካሪዬ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ፊቱ ትንሽ ጠቆረ፤ ኋላ ግን የመጀመሪያውንም ስህተት ጽፌ እንዳስገባው ነገረኝ።

ጥናቴን በማቀርብበት ቀን እናቴ የክት ልብሷን ለብሳ ከኋላ ተቀመጠች። አንዱ ፈታኝ እንደ መዥገር ተጣበቀብኝ። በአሥራ ሰባቱ ቅጠሎች ኮምፒውተሩ ተሳስቷል ያልኩት በማን ቃል እንደሆነ ጠየቀኝ። በእናቴ አልኩት። «እሷስ ብትሳሳት?» አለኝ።

ከኋላዬ ወንበር ተንቋቋ።

«ጌታዬ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የተለያየንባቸውን አሥራ ሰባት ችግኞች ቀይ ክር አስሬባቸው ስጠባበቅ ነበር፣» አለች እናቴ። «በአሥራ አምስቱ እኔ ልክ ነበርኩ። ሁለቱን ግን ታመዋል ብዬ ፈርጄባቸው ነበር፤ ይኸው አብበዋል። በእነሱ እሱ ነው ልክ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ፈታኙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እኔ ስህተቴን ልደብቅ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ እሷ የራሷን ያን ሁሉ ምሁር ፊት ቆማ ተናገረች። በእናቴ እንዲያ ኮርቼ አላውቅም።