ከስሙ አጠገብ ያለው ዜሮ

«እማ፣ እኔ እዚያ ጋዛ ብሞት ስሜን ታነቢው ነበር?»

ልጄ ይህን ስትጠይቀኝ «ሟርትሽን ተይ!» አልኳት። የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ነኝ፤ ፊደል መቁጠር ከጀመርኩ ገና ሰባት ወሬ ነበር።

እሷና ጓደኞቿ ጦርነቱ ይቁም ብለው ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ከተቀመጡ ዘጠነኛ ቀናቸው ነው። በጋዛ የተገደሉትን ሰዎች ስም ከወረቀት ላይ ጮክ ብለው ያነባሉ። ሕግ አላቸው፤ የተጀመረ ገጽ ሳያልቅ መሬት አይቀመጥም፣ መሄድ ያለበት ለሌላ ያቀብላል። ኮሌጁም የራሱን ሕግ አወጣ፤ ዛሬ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል፣ ውስጥ የተገኘ ተማሪ ይባረራል። ልጄ ነርስ ሆና ልትመረቅ ሁለት ወር ነው የቀራት። ሽርጤን እንኳ ሳላወልቅ ከሥራ ሮጥኩ።

«ባጠባሁሽ ጡት ይዤሻለሁ፣ ተነሺ!» አልኳት።

«ገጹን ጀምሬዋለሁ እማ። የሚቀበለኝ የለም፣ ሁሉም በእጁ ይዟል።»

«እኔ እቀበልሻለሁ።»

ሳቀች። «አንቺ? የመድኃኒት ብልቃጥ ለማንበብ ግማሽ ቀን ይፈጅብሽ የለም እንዴ?»

«ይፍጅብኛ! እኔን ከየት ያባርሩኛል? ስጪኝና ውጪ!»

ሰጠችኝ። ግንባሬን ስማ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ በሩ ሄደች። ዘበኛው ሰዓቱን እያየ ቆሟል።

ጣቴን ከስሞቹ ሥር አድርጌ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ስሞች ላብ በላብ አደረጉኝ። ከአራተኛው በኋላ ቀለለኝ፤ የአባትና የአያት ስማቸው አንድ ነበር። ስለቀለለኝ ደስ አለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ለምን እንደቀለለኝ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከስሙ ቀጥሎ ዕድሜ አለ። ቁጥር ድሮም አይከብደኝም። አሥራ አንድ። ስምንት። አራት። የመጨረሻው ልጅ ጋ ግን ዜሮ አገኘሁ። የጻፈው ሰው የተሳሳተ መሰለኝ። ዘልዬው ማለፍ እችል ነበር። በሞተ ልጅ ላይ መሳሳት ፈራሁ።

«ልጄ!» ብዬ ጮህኩ። «እዚህ ጋ ዕድሜውን ረስተውታል!»

አንድ እግሯ ከበሩ ውጭ ነበር። ዞረች።

«አልረሱትም እማ። ዓመት ሳይሞላው ነው።»

ጣቴን ከስሙ ላይ አነሳሁ። እሷም አየችኝ፤ ተመለሰች።

«ሂጂ! ሂጂልኝ!»

አጠገቤ ተቀምጣ ጣቴን ስሙ ላይ መለሰችው።

«እናቴ፣ ልጅዎን ይዘው ይውጡ» አለ ዘበኛው። «እኔም ታዝዤ ነው።»

«በፈጠረህ፣ አንድ ስም ብቻ!» አልኩት፤ የመጣሁት ለእሷ ብዬ እንደነበር ረስቼ ለስሙ ለመንኩ።

አብረን አነበብነው። ቀና ስል በሩ ተዘግቷል፣ ዘበኛው የቀሩትን የሚመዘግብበትን ደብተር ይዞ ወደ እኛ እየመጣ ነው።

ከሃያ ስድስቱ ተማሪዎች አሥራ ዘጠኙ ወጥተዋል። ሰባት ቀርተዋል፤ ሰባተኛዋ ልጄ ናት።