የኢንግቫር ደቦ

ኢንግቫር ቶሌፍሰን ሐምሌ ላይ ስትሮክ መታው። ከሆስፒታል ሲወጣ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ነበር፤ ከቃላቱም ሁሉ የቀረችው አንዲት «እሺ» ብቻ ነበረች። ውሃ ትጠጣለህ ወይ ቢሉት እሺ፣ ውሃውን ልድፋብህ ቢሉትም እሺ። ራሱን ነቅንቆ እንቢ እንዳይል፣ ራሱ ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ይውላል። የኦስትቪክ ሰዎች ግን ይህን ያህል ለውጥ አላዩበትም። ጤነኛ ሳለም ብዙ ሲናገር ሰምተውት አያውቁም።

ኦስትቪክ ሜዳው መሀል ጉብ ያለች፣ ሁለት መቶ አሥር ሰው የቀረባት ከተማ ናት። ባቡሩ ከቀረ ቆይቷል፣ ትምህርት ቤቱም ተዘግቷል፣ ረጅሙን የእንጨት ጎተራ እርግብ ወርሶታል። እህሉ አሁን ስልሳ ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው በሲሚንቶ የተሠራ ትልቅ ጎተራ በካሚዮን ይሄዳል። እንግዳ የሚስብ ነገር ከተባለ ሁለት አላት። አንዱ አውራ ጎዳናው ዳር የቆመው ባለ ሦስት ፎቅ ቤት የሚያህል ከብረት የተሠራ የስንዴ ዛላ ነው፤ መንገደኛው አጠገቡ ፎቶ ይነሳና ማስቲካ እንኳ ሳይገዛ ይሄዳል። ሁለተኛው ጥቅምት ላይ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የሚደገሰው የመከር እራት ነው። ሰው የሦስት ሰዓት መንገድ ነድቶ የሚመጣው ለቱርክ ዶሮው አይደለም፤ ለዳቦው ነው። ቀላ ያለ፣ ጣፋጭ ዳቦ፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ።

ዱቄቱን የሚሰጠው ኢንግቫር ነበር። ምን ዓይነት ስንዴ ነው፣ የት ትዘራዋለህ ብሎ የጠየቀው ግን የለም። በዚያ አገር በሰው ማሳ ነገር መግባት ነውር ነው። እሱም ሆድ ይፍጀው ብሎ ኖረ። ስንዴው አያቱ ከኖርዌይ በጆንያ ይዘውት የመጡት ቀይ ጢማም ዘር ነበር። አፈሩ በንፋስ በተጠረገባቸው ክፉ ዓመታት አያቱ ልጆቻቸውን የድንች ልጣጭ ሲያበሉ እንኳ ያን ጆንያ አልነኩም። ኢንግቫርም ከሌላ እህል እንዳይደባለቅበት፣ ወንዙ ዳር ከአኻያ ዛፎቹ ጀርባ፣ ከመንገድ በማይታይ ሁለት ሄክታር ላይ እየዘራ ሃምሳ ዓመት አቆየው። አምና ድርቁ ጎድቶት ስለነበር የተረፈውን ሁሉ ዘንድሮ ዘርቶታል። ጎተራው ውስጥ አንድ ጣሳ እንኳ አልቀረም።

መስከረም ላይ ጎረቤቶቹ ደቦ ወጡለት። የራሳቸው እህል ማሳው ላይ ቆሞ፣ ሰማዩም በስተ ምዕራብ ጠቁሮ ሳለ፣ አሥራ አንድ ኮምባይነር እየነዱ መጡ። ዶሪን፣ ሚስቱ፣ ጠዋት ፒክአፑ ውስጥ አስቀምጣው፣ ሸሚዙን ቆልፋለት፣ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«የወንዝ ዳሯን አልነገርኳቸውም፤ ከዛፎቹ ጀርባ ስለሆነች አያዩዋትም። ሰኞ የወንድሜ ልጅ መጥቶ በትንሿ ማጨጃ ለብቻዋ ያነሳልናል። አታስብ፣ እሺ?»

«እሺ» አለ ኢንግቫር፤ እውነቱንም ነበር። እሷ ከሴቶቹ ጋር ምግብ ልታሰናዳ ወደ አዳራሹ ሄደች።

ደቦውን የሚመራው ኦሬስት ሜልኒቹክ ነበር፤ አዋሳኙ፣ ወፍራም፣ ቀልደኛ ሰው። በየሰዓቱ ወደ ፒክአፑ መስኮት ይመጣል።

«አንተ ሽማግሌ፣ ይህን መስመር ስትዘራ ምን ጠጥተህ ነበር? እባብ እንኳ እንዲህ አይሄድም።»

«እሺ።»

«ሰው ሲሠራልህ ቁጭ ብሎ ማየት ይጣፍጣል አይደል? እኔም ስትሮክ ቢመታኝ አልጠላም ነበር። ሚስቴ ስቴላ ግን መች ታስተኛኛለች፤ በግራ እጅህ ሣሩን እጨድ ነው የምትለኝ።»

ኢንግቫር በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው እውነት ነው፤ የሦስት ሳምንት ሥራው ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ሊያልቅ ደረሰ። ምስሩም፣ ጎመን ዘሩም፣ የፓስታ ስንዴውም ተነሳ።

ያኔ ነው ኢንግቫር አንዱ ኮምባይነር ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደ አኻያዎቹ ሲያመራ ያየው። ግራ እጁን በመስኮቱ አውጥቶ፣ ያን ተው ለማለት፣ ጣቱን ወደ ዛፎቹ ቀሰረ። ከአፉ ግን «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» ብቻ ወጣ።

ኮምባይነሩ ጥግ ደርሶ ዞረና ተመለሰ። ለካ ቀድሞም ሊዞር ነው የሄደው። የኢንግቫር ጣት ግን እዚያው እንደተቀሰረ ነበር፣ ኦሬስትም አይቶታል። የፒክአፑ መጫኛ ላይ ወጥቶ ዓይኑን በእጁ ከለል አደረገ።

«ውይ፣ ጉድ ልንሠራ ነበር እኮ» አለና ለኮምባይነሩ ነጂ ሊናገር የመገናኛ ሬዲዮውን አነሳ። «ትሬቨር፣ ከዛፎቹ ጀርባ አንዲት ቁራጭ ስንዴ አለች። ግባባት።»

«አየኋት» አለ ሬዲዮው። «ቀይ ጢማም ነገር ናት። ምንድን ናት?»

«ምንም ትሁን፤ ባለቤቱ ራሱ ነው ያሳየኝ። ከሌላው ጋር ደባልቀህ ጫናት።»

ኢንግቫር የኦሬስትን እጅጌ ጨምድዶ ያዘ። ጎተተው፣ ነቀነቀው። የኦሬስት ዓይን እንባ አቀረረ።

«ተው፣ አታመስግነኝ። ጋጣዬ የተቃጠለ ጊዜ ድርቆሽ ያመጣልኝ ማነው? አንተ አይደለህም? ያን ጊዜም ቃል አልተነፈስክም፤ አራግፈህልኝ ሄድክ።» እጅጌውን ቀስ ብሎ አስለቅቆ ወደ ካሚዮኖቹ ሄደ።

የቀረው የፒክአፑ ጥሩምባ ነው። ኢንግቫር በወንበሩ ላይ ተንፏቆ፣ ደረቱን እስኪያመው ተንጠራርቶ፣ በግራ መዳፉ መሪውን ተጫነ። ጥሩምባው ሜዳውን አናወጠው። ከየኮምባይነሩ ጋቢና እጆች ወጥተው ተውለበለቡ፤ ሁሉም በየተራ ጥሩምባቸውን እየነፉ መለሱለት። ትሬቨርም ዛፎቹን አልፎ ገባ።

ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። ቀዩ ስንዴ በፓስታው ስንዴ ላይ ሲዘረገፍ፣ ካሚዮኑም አቧራውን እያስነሳ ወደ ሲሚንቶው ጎተራ ሲፈተለክ ኢንግቫር አየ። ደግነት ደግሞ አንዴ ከጀመረ አይቆምም። አንዱ ጎረቤት፣ መሬቱ ለጸደይ ተገልብጦ ይክረም ብሎ፣ ማረሻውን እየጎተተ ከኋላ ገባ። የወደቀውን ዛላ ሁሉ አፈር አለበሰው።

ዶሪን ሳንድዊቹን በቅርጫት ይዛ ስትመጣ መጀመሪያ ያየችው የባሏን ፊት ነው። ቀጥሎ ወደ ዛፎቹ አየች።

«ኦሬስት፣ ከአኻያዎቹ ጀርባ የነበረችውስ?»

«ጨረስናት» አለ ኦሬስት፣ ላቡን እየጠረገ። «እኛማ ልንረሳት ነበር፤ እሱ በጣቱ ባያሳየን ኖሮ። ለመጪው ዓመትም ስለ ዘር እንዳታስቡ። ከእኔ ጎተራ ትወስዳላችሁ፤ አዲሱን ዓይነት፣ ከዚች እጥፍ የሚያፈራውን።»

ሰዎቹ ከየማጨጃው ወርደው ፒክአፑን ከበው ቆመዋል። አቧራ ጠግበዋል፣ ደክሟቸዋል፣ ደስ ብሏቸዋል። ዝናቡም የራሳቸው ማሳ ላይ ሊጥል ደርሷል። ዶሪን አፏን ከፈተች። ኢንግቫር ዓይኑን ተከለባት፤ ንገሪያቸው፣ አንድ ሰው እንኳ ይወቅልኝ እያለ። እሷ የኦሬስትን ቀይ ዓይኖች አየች፣ የሰዎቹን እጆች አየች፣ አልቻለችም።

«ኢንግቫር እግዜር ይስጥልኝ ይላል» አለች። «ይህን ውለታችሁን መቼም አልረሳውም ይላል።»

ኢንግቫር አለቀሰ። ድምፅ እያወጣ፣ እንደ ሕፃን። በዚያ አገር ወንድ ሲያለቅስ አይታይም። ኦሬስት ኮፍያውን አወለቀ፣ ሌሎቹም አወለቁ፣ ከዚያም ሁሉም እሱን ላለማሳፈር ጀርባቸውን ሰጥተውት ሳንድዊቻቸውን መብላት ጀመሩ።