የማክሰኞው መንገድ

የሟቹ ስልክ ሲጮህ ለቅሶ ቤቱ ጸጥ አለ። ጠረጴዛው ላይ፣ ከወረቀት ብርጭቆዎቹና ከቆሎው ሳህን መካከል፣ እየተንቀጠቀጠ ይጮሃል። መስታወቱ ላይ «ሽባባው» የሚል ስም ይበራል።

«አታንሽው፤ ጮሆ ጮሆ ይተወው» አሉ አገሬ፣ የሟቹ እህት።

«ካላነሳሁ ይጠረጥራሉ፣ አክስቴ።»

አበቡ ወለሉ ላይ ከተነጠፈው ፍራሽ ተነሳች። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አድ ሃሎም በሚባለው ሰፈር ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ዕቃ ታሽጋለች። አባቷን አዳነን እሁድ ቀብረው፣ ዛሬ ማክሰኞ፣ ለሰባቱ ቀን ሐዘን የተቀመጡበት ሦስተኛ ቀን ነው። ደዋዩ የአዳነ የልብ ወዳጅ ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ደረታቸው ተከፍቶ ልባቸው ስለተጠገነ ሮቫ ቴት በሚባለው ሰፈር ከልጃቸው ከኦሸሪት ቤት ተኝተዋል። ኦሸሪት «እባካችሁ እስኪጠነክር አትንገሩት» ብላ ለምናለች፤ እንቢ ያለም አልነበረም። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። የእኛ ሰው በብዙ ነገር ላይስማማ ይችላል፤ ሞት ለመደበቅ ሲሆን ግን ሁሉም አንድ ልብ ነው። ሰኞ ሲደውሉ አበቡ «ጉንፋን ይዞት ተኝቷል» ብላቸው ነበር።

«ሃሎ፣ አባ ሽባባው። እንደምን አደሩ?»

«እግዜር ይመስገን። አዳነስ? ጉንፋኑ ለቀቀው?»

«ተሻለው። ስልኩን ረስቶ ከባልንጀሮቹ ጋር ወጣ። ማክሰኞ አይደል?»

«ወጣ? ደግ። የዛሬው ወዴት ነው?»

አበቡ ዙሪያዋን ቃኘች። ማክሰኞ ማክሰኞ ከአባቷ ጋር በብስክሌት የሚወጡት አምስት ሽማግሌዎችና አንዲት አሮጊት ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። ማቀዝቀዣው ላይ አዳነ አርብ ዕለት የጻፈው ወረቀት እንደተለጠፈ ነው። እንደ ልማዱ ለማክሰኞ ያሰበውን መንገድ አርብ ጠዋት ብቻውን ነድቶ፣ አይቶ፣ ጽፎ ለጠፈው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋደም እንዳለ አልተነሳም።

«ከላኪሽ ፓርክ ተነስተው ወደ ኒጻኒም» አለች ከወረቀቱ እያነበበች።

«አሁን የት ደርሰው ይሆን?»

«ባሕር ዛፎቹ ጋ ሳይደርሱ አይቀሩም። ጥላው ሥር ዐሥር ደቂቃ ያርፋሉ። ከዚያ ትንሽ አቀበት አለች፤ ወርደው እየገፉ ይወጧታል። ከአቀበቷ በላይ አሸዋው ሁሉ አበባ አውጥቷል ይላል... ብሎኛል። ባሕሩም ከዚያ ይታያል።»

«ሽንት ቤቱስ ክፍት ነው?»

«አርብ ዕለት ራሱ ሄዶ አይቶታል።»

ከተናገረችው ሁሉ እውነቱ ይኸ ብቻ ነበር። አሮጊቷ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ወረቀቱ ላይ፣ ከባሕር ዛፎቹ አጠገብ፣ «ሽባባው ድኖ ሲመጣ ሃያ ደቂቃ» የሚል ተጽፏል። ይህን አላነበበችላቸውም።

«ፊት የሚሄደው ማን ነው?» አሉ ሽባባው።

«አባባ ነዋ! ፊት ፊት እየመራ፣ ሌሎቹን እያስከተለ...»

«እሽ ልጄ» አሉና ዘጉት።

አበቡ ስልኩን ስታስቀምጥ፣ ከሽማግሌዎቹ ሁሉ የሚቀልዱት ባሩክ ዛሬ ሳይቀልዱ ተመለከቷት። «ምነው ልጄ» አሉ፣ «አዳነ እኮ ፊት ሄዶ አያውቅም።»

«እንዴት?»

«ፊት የሚሄደው ቀርፋፋው ነው። ሕጉ ነው፤ ራሱ ያወጣው። ፈጣኑ ፊት ከሄደ ቀርፋፋው ለመድረስ ሲሮጥ ይውላል፤ ቀርፋፋው ፊት ከሄደ ግን ማንም አይቀርም። ሽባባው ፊት፣ አዳነ መጨረሻ። አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የሄድነው።»

አበቡ ይህን አታውቅም ነበር። የምታውቀው የትምህርት ቤት ጥበቃ ሆኖ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ስኳሩ ከፍ ሲል «ተራመድ» ቢባል ጉልበቴን ብሎ እንቢ ያለ፣ ከዚያ በስልሳ ስድስት ዓመቱ በዚያው በሮቫ ዛይን ትምህርት ቤት ግቢ እየወደቀ ብስክሌት የተማረ አባቷን ነው። ልጆቹ «ሰው ይስቅብሃል» ሲሉት «ይሳቅ፤ ሳቅ ጎማ አያስተነፍስም» ይል ነበር። አርብ አርብ የት እንደሚሄድ ስትጠይቀው «መንገድ ላይ» ይላታል። መደገፊያ ያለው አግዳሚ ወንበር የት እንዳለ፣ ነፋሱ ሲመለሱ ከጀርባ እንዲሆን በስንት ሰዓት መውጣት እንደሚሻል፣ ደክሞት የቀረ ሰው ከየትኛው ፌርማታ አውቶቡስ እንደሚያገኝ ሲመረምር ይውል እንደነበር ማን ነገራት? የሽርሽር ሰው ነው ብላ ንቃው ነበር። አሁን አፈረች።

ከእፍረቱ የባሰው ግን ሌላው ነው። ሽባባው አውቀዋል። አዳነ ፊት እንደማይሄድ ያውቃሉ፤ እንግዲህ አዳነ የትም እንደሌለ ገብቷቸዋል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ የዛሬው ውሸት ግን አንድ ቀን እንኳ አላደረም።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ አልጮኸም። ማታም አልጮኸም። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ፣ «እግዜር ያጥናሽ» ተባለች፤ ጆሮዋ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር። እዚያ ሮቫ ቴት አንድ ሽማግሌ ወዳጁ እንደሞተ አውቆ፣ ማንም አልነገረውምና ማልቀስ አቅቶት፣ ተጋድሟል። ሰባቱ ቀን ደግሞ ማንንም ሳይጠብቅ እየሄደ ነው።

ይህንን ነገር ከማንም በላይ ታውቀዋለች። በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ ወደዚህ አገር በአውሮፕላን ሲመጡ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አያቷ፣ የአባቷ እናት፣ ታመው ስለነበር ከአክስቷ ከአገሬ ጋር በሌላ አውሮፕላን መጥተው ወደ ሰሜን ተወሰዱ፤ በሁለት ሳምንታቸው ሞቱ። አዳነ በሳንባ በሽታ ሆስፒታል ተኝቶ ነበርና «እንዳይነገረው» ተባለ። አበቡን ለቀብሩ ወስደው ሲያበቁ «ምላስሽን እንዳላይ» አሏት።

አሥራ አንድ ወር። ሆስፒታል ልትጠይቀው ስትሄድ አባቷ «አያትሽ ምን አለች?» ሲላት ትመልስለታለች። «በርታ አለች። ብርቱካን በላሁ አለች። እዚህ አገር ላሟ ሁሉ ወፍራም ናት አለች።» እሱ ይስቃል፤ እሷም ሲስቅላት ጊዜ ትጨምርለታለች። አንድ ጊዜ የእናቱ እግር እንዳይበርድ ብሎ ካልሲ ላከላቸው፤ ካልሲውን አልጋዋ ሥር ደበቀችው።

ድኖ ሲነገረው፣ ራቢው ከሠላሳ ቀን በኋላ መርዶ ለሰማ ሰው ሕጉ ለሐዘን የሚሰጠው አንድ ሰዓት ብቻ ነው አሉት። አንድ ሰዓት መሬት ተቀመጠ። ሰዓቱ ሲሞላ ተነሳና ልጁን ጠራት። «አንችም ታውቂ ነበር?» አላት። አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ተናግሯት አያውቅም፤ ዝምታው ከዱላ የባሰ ሆኖ እስከ ዛሬ ከእሷ ጋር አለ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኦሸሪት ለቅሶ ቤቱ ገብታ ሳትቀመጥ መናገር ጀመረች።

«ማ ኮሬ፣ ምን ተፈጠረ፣ አበቡ? ምን አልሽው? ከትናንት ጀምሮ አይበላም፤ ክኒኑንም እንቢ አለ። ሮፌው፣ ሐኪሙ፣ መጥቶ አየው፤ ልቡ በሴደር፣ ደህና ነው አለ። እሱ ግን ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።»

«ያውቃል፣ ኦሸሪት።»

«ማን ነገረው?»

«እኔው፤ በውሸቴ። አሁን ከምር ይነገረው።»

«የታመመ ሰው? ወዲያ!» አሉ አገሬ ከፍራሹ። «ልትገድይው ነው?»

አበቡ ወደ አክስቷ ዞረች። ሠላሳ አራት ዓመት የያዘችው ነገር ነበርና ሲወጣ አልተሰናዳላትም። «ያኔም እንዲህ ነው ያሉት። አባባ የእናቱን ሰባት ቀን ተቀማ፤ እኔ... እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ አክስቴ! የሞተ ሰው ቃል እየፈጠርሁ አመጣለት ነበር። አንድ ቀን እንኳ እንዴት ነሽ አላላችሁኝም።»

የመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ወለሉን አየ።

«ለሳንባው ፈርቸ ነው» አሉ አገሬ። «እናቴን ቀብሬ እሱንም ልቅበር ብየ ፈርቸ ነው። ለደግ መስሎኝ።» በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። «ይነገረው እንግዲህ» አሉ ኋላ። «ግን በስልክ አይሆንም። በወጉ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ይነገረው።»

ኦሸሪት አለቀሰች፤ እንቢ ግን አላለችም።

አበቡና አገሬ ሰባቱ ቀን እስኪሞላ ከሐዘን ቤት አይወጡም። ስለዚህ ባሩክ ወረቀት ለምነው እስኪርቢቶ አወጡ፤ የብስክሌቶቹ ሰዎችም እንደ ማክሰኞ መንገድ አድርገው መርዶውን መከሩት። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ይደርሳሉ። መጀመሪያ ክኒኑ ይሰጣል። ነርስ የሆነችው የኦሸሪት ጎረቤት ማድ ቤት ትቆያለች። አሮጊቷ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ «ቃሉን ማን ያውጣ?» ተባለ።

«እኔ» አሉ ባሩክ። «ስቀልድ ያውቀኛል። ካልቀለድሁ ገና ሳልናገር ይገባዋል።»

ሐሙስ አበቡ ሳይነጋ ነቃች። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ አንድ ሰዓት ሆነ። ማንም አልደወለም። የሽባባው ልብ ቆሞ ቢሆንስ? ይህን ሁሉ ያደረግሁት ለእሳቸው ነው ወይስ ለራሴ? አገሬ እጇን ያዟት። ሁለቱም በሩን ያዩ ነበር።

ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ሊፍቱ ተከፈተና ሽባባው በባሩክና በኦሸሪት መካከል ሆነው ገቡ። ከስተዋል። ፊታቸው በእንባ ርሷል፤ እንባው አሁንም ሳይቋረጥ ይወርዳል። ኦሸሪት ወንበር ሳበችላቸው። አልተቀመጡም።

«አባ፣ ዋሸሁዎት» አለች አበቡ ከፊታቸው ቆማ።

«እሁድ ሳይደውልልኝ ሲቀር ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «የምደውለው ማን ይነግረኝ ይሆን እያልሁ ነው። አንች ፊት እየመራ ነው ስትይኝ ቁርጡን አወቅሁ። ግን ሳይነገረኝ እንዴት ላልቅስ? ሰው ተነግሮት ነው የሚያለቅስ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«አዳነ የእናቱን ነገር አጫውቶኛል። ባሕር ዛፎቹ ሥር።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «"ያች ሕፃን አሥራ አንድ ወር ስትሸከምልኝ እኔ እስቅ ነበር" ብሎ አለቀሰ። አንችን መቼ ተቀየመ? ዐይንሽን ማየት አፍሮ ነው።»

አበቡ ሠላሳ ሦስት ዓመት ቁጣ ነው ብላ የፈራችው ዝምታ እፍረት ነበር።

ሽባባው ከወንበሩ አልፈው ወደ ፍራሹ ሄዱ። ዘመድ አይደሉም፤ መሬት ተቀመጥ የሚላቸው ሕግም የለም። ከፍራሹ ጫፍ ቆመው እግራቸውን አዩ። ሐዘንተኛ በጫማ አይቀመጥም፤ የተሰፋ ደረታቸው ደግሞ አላጎነብስ አላቸው። አውልቁልኝ ብለው ማንንም አልለመኑም።

አበቡ ተንበረከከች። ኦሸሪት ጠዋት ደርባ ያሰረችውን ማሰሪያ በጥፍሯ ፈታችው፤ አንዱን ጫማ አወለቀችላቸው፤ ሌላውንም አወለቀችላቸው። ከዚያ ክንዳቸውን ይዛ ቀስ ብላ አስቀመጠቻቸውና፣ አጠገባቸው ተቀመጠች።